ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት፦ የሚተረተረውና የሚታለፈው ስህተት

በለገጣፎ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከባድ ነው፤ እኔም የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት የጀመርሁት በዚሁ ብርድ ምክንያት ነው። በውጭ አገር ኩዊልት የሚባለው ይህ ሥራ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከላይ በእራፊ የተገጣጠመ ፊት፣ ከመካከል ሙቀት የሚይዝ ሙሌት፣ ከታች ደግሞ አንድ ወጥ ጨርቅ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በስፌት እርስ በርስ ይያያዛሉ። እናቴ ሥራውን ባየች ጊዜ «ደግሞ ድሪቶ መስፋት ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም፤ ልዩነቱ ድሪቶ ልብሱ በተቀደደ ቁጥር እየተደረተ የሚሠራ ሲሆን፣ ይኸኛው ግን ከመቆረጡ በፊት የሚለካ መሆኑ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ የሕፃን ብርድ ልብስ ይበቃል። እያንዳንዱን እራፊ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 10 በ10 ይቀራል። በወርድ 8፣ በቁመት 10 ሲደረደር 80 እራፊ ይሆናል፤ ተሰፍቶ ሲያልቅም ብርድ ልብሱ 80 በ100 ሴንቲ ሜትር ግድም ይወጣል። የውጭ አገር ሰፊዎች ለስፌት የሚተዉት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እጁ ላልለመደና ጨርቁ ቶሎ ለሚተረተርበት ሰው 1 ሴንቲ ሜትር ይሻላል እላለሁ።

ጨርቁን ለመግዛት መርካቶ መውረድ ግዴታ አይደለም። ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ፣ አንሶላና ቀሚስ፣ ከሰፈር ልብስ ሰፊ የሚገኝ ቁርጥራጭም ጭምር ያገለግላል። ሆኖም ከልብስ ሰፊ ዘንድ የሚበዛው የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት፣ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ቴትሮን ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴትሮን በካውያ ሲተኮስ እንደ ጥጥ እጥፋት አይዝም፤ ከጥጥ ጋር ጎን ለጎን ሲሰፋም ጥጡ በውኃ ሲሰበሰብ እሱ ስለማይሰበሰብ ፊቱ ይጨማደዳል። የጨርቁ ዓይነት ካልታወቀ አንድ ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል።

ማንኛውም ጨርቅ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቆችን በተለይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ማሸት ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ከታየ ያ እራፊ ሌላ ቦታ ይዋል። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ያለቀው ሥራ በመጀመሪያው እጥበት ቀለም ከተጋባ፣ ፀሐይ ላይ ከማስጣትና ከመተኮስ ተቆጥበው ሳይደርቅ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ደጋግመው ይዘፍዝፉት፤ አንድ ጊዜ ደርቆ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሙን ማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል።

አቆራረጡ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የጀማሪ ስህተት ከግማሽ በላይ የሚወለደው እዚህ ነውና። ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፣ በማጉ አቅጣጫ ጥቂት ይለጠጣል፣ በሰያፍ ሲሳብ ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ስለዚህ የእራፊው ጎኖች ድርና ማጉን ተከትለው መቆረጥ አለባቸው፤ በሰያፍ የተቆረጠ እራፊ በእጅዎ ላይ ቅርጹን ይለውጣል። መለኪያውን ከጠንካራ ካርቶን ይሥሩ፤ ጠርዙ በጠመኔ ሲበላም ይቀይሩት። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ካርቶኑን ትቼ አንዱን እራፊ በሌላው ላይ እያደረግሁ ስቆርጥ፣ እያንዳንዱ ከቀደመው በክር ውፍረት ያህል እየበለጠ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ከፊተኞቹ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተለቅ ብለው ተገኙ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ሁሉንም መልሼ በካርቶኑ ለካሁና ትልልቆቹን ከረከምሁ። ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ግን ሙሉ ሳምንት ስተረትር በከረምሁ ነበር። የስህተት ዋጋ በየደረጃው ስለሚያድግ ወደሚቀጥለው ከመሸጋገር በፊት ቆም ብሎ መለካት ይገባል።

እራፊዎቹን አልጋ ወይም ወለል ላይ ደርድረው ቀለማቸውን ካመቻቹ በኋላ፣ መጀመሪያ በረድፍ በረድፍ፣ ቀጥሎም ረድፉን ከረድፍ ጋር ይስፉ። በስፌት መኪናው ብረት ላይ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ርቀው ፕላስተር ይለጥፉና የጨርቁን ዳር በእሱ ይምሩ። ከዚያም ሦስት እራፊ ብቻ ሰፍተውና ተኩሰው የመካከለኛውን ይለኩ፤ በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ፕላስተሩን ያንቀሳቅሱ። ለስፌት የሚሄደው ከ1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበልጥ ከሁለቱ እራፊዎች 2 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ 8 እራፊ ባለው ረድፍ ውስጥ 7 ስፌት ስላለም ረድፉ በ14 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ከጨርቁ በታች የተንጠለጠለ የክር ቀለበት ከታየ ደግሞ መኪናውን ከመወንጀል በፊት የላዩን ክር አውጥተው እንደገና ያስገቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በዚያ ይፈታል።

ሲተኩሱ ካውያውን አንሥተው ያሳርፉት እንጂ አይግፉት፤ መግፋት ጨርቁን ይለጥጠዋል። የአንዱን ረድፍ ስፌቶች ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ ካጠፉ፣ ረድፎቹ ሲገናኙ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ማዕዘኖቹ ይገጥማሉ። መብራት በሚጠፋበት ቀን የከሰል ካውያ ሥራውን ይሠራል፤ ዐመዱን አስቀድሞ ማራገፍ ግን ግድ ነው። አንዱ ረድፍ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ረጅሙን ከሥር አድርገው በመርፌ ቁልፍ ማዕዘን በማዕዘን ይያዙና ይስፉ፤ የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ስለሚስብ ትርፉን ይውጠዋል።

መተርተር ካለብዎት ክሩን አይጎትቱ። በአንድ በኩል በየአራት አምስት ጥልፉ በምላጭ ጫፍ ይቁረጡ፤ የሌላው ገጽ ክር ያን ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የማዕዘን መዛነፍን እኔ አልተረትርም፤ ታጥቦ ሲሸበሸብ አይታይም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ትርፍ የተተወበት ስፌት ግን ዛሬ ቢያምርም ከጥቂት እጥበት በኋላ አፉን ስለሚከፍት፣ ያለማመንታት ተተርትሮ ይሰፋ።

ለሙሌት ባዘቶ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ልቅ ጥጥ ስለሆነ ስፌቱ ካልተቀራረበ በእጥበት ጊዜ ተንሸራትቶ ይጓጉላል። ለጀማሪ የምመክረው ያረጀ ጋቢ ነው፤ አራት ድርብ ሆኖ የተሸመነ ስለሆነ አይበተንም፣ ሙቀቱም የታወቀ ነው። ለታችኛው ገጽ የታጠበ አቡጀዲ ይበቃል። አቡጀዲውንም ጋቢውንም ከፊቱ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡ፤ አቡጀዲውን ወለል ላይ ገልብጠው ሳይለጠጥ ግን ወጥሮ እንዲቀመጥ ዳር ዳሩን በፕላስተር ይያዙ፤ ጋቢውን፣ ከዚያም ፊቱን ያንጥፉ። ሦስቱን ከመካከል ወደ ዳር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ወይም በረጅም ጊዜያዊ ስፌት ያያይዙ።

ዋናውን ስፌትም ከመካከል ይጀምሩ። ከዳር ከጀመሩ ትርፉ ጨርቅ መሄጃ አጥቶ መካከሉ ላይ ይቋጠራል። መኪናው ውፍረቱን ካልቻለው በየእራፊው ማዕዘን ወፍራም የጥጥ ክር አሳልፎ ሁለት ጊዜ መቋጠር ይበቃል፤ እኔም የመጀመሪያውን ያጠናቀቅሁት በዚህ መንገድ ነው። በየጥቂቱ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ የታጠፈ አቡጀዲ ተሰፍቶ ካገኙ ከእጥፋቱ ግራና ቀኝ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ተርትረው፣ አስተካክለው ይመልሱት።

በመጨረሻ ዳሩን አስተካክለው ከርክመው፣ 7 ሴንቲ ሜትር ወርድና ተቀጣጥሎ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ጥብጣብ ለሁለት አጥፈው በፊቱ በኩል ይስፉ። ማዕዘን ሊደርሱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀርዎት ቆመው ጥብጣቡን ወደ ላይ በሰያፍ፣ ከዚያ ወደ ታች ቀጥ አድርገው ያጥፉና ይቀጥሉ። ወደ ጀርባው የሚገለበጠውን ጎን በእጅ መዘምዘም ይሻላል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን፤ በአንድ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከደረቀ የጋቢው ክብደት ስፌቱን ስለሚስበው፣ ክረምት ካልሆነ በስተቀር ንጹሕ ሣር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው፤ በክረምት ግን በሁለት ገመድ ላይ ጋደም አድርገው በየጊዜው ያገላብጡት።