ሳሎናችሁ ታድሶ ዓመት የማይሞላው ለምንድን ነው? የደጋ ቤት ችግርና መፍትሄ

ሳሎኔን መጀመሪያ ያሳደስኩት ግንቦት ላይ ነበር። ቀለም፣ መጋረጃ፣ አዲስ የሶፋ ልብስ። ያጠራቀምኳት ብር እዚያው አለቀች። ለመስቀል ዘመድ ሲሰበሰብ ከሶፋው ጀርባ ያለው ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ ተልጦ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከመሐል ሜዳ የመጣችው አክስቴ አየችውና «ልጄ፣ የሚያለቅስ ዓይን ይኳላል?» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ቡናዋን ጠጣች።

ከተማችን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንዝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በእኛ አገር ሳሎን የሚያበላሸው በአብዛኛው ውሃ ነው። ከመሬት የሚወጣ ውሃ አለ፣ ከጣሪያ የሚወርድ አለ፣ እኛው ራሳችን ስናበስልና ስንተነፍስ የምናወጣውም አለ። ስለዚህ ኪሳችሁ ሳሳ ካለ ቀለም መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ነው የሚገዛው። ከዚህ በታች ያለው እኔም ጎረቤቶቼም ያየነው ችግር ነው። የእናንተን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ቀለሙ ከታች በኩል ይላጣል

ከወለሉ እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ፣ ቀለሙ ያብጥና ይረግፋል። በጣት ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይቀራል። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ግን ምንም አልሆነም።

ዱቄቱ ጨው ነው። ግድግዳው ከመሬት ውሃ ሲስብ በአፈሩና በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ጨው ሟሙቶ አብሮ ይወጣል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን ፊት ላይ ይቀርና ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። የፈለጋችሁትን ውድ ቀለም ቀቡ፣ ይጥለዋል።

ግን እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ሞክሩ። ወፍራም ላስቲክ በ30 ሳንቲሜትር ካሬ ቁረጡና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ፕላስተሩ አልይዝ ካለ ጠርዙን በቀጭን ጣውላና በሚስማር ያዙት። ሁለት ቀን ተዉት። ላስቲኩ ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል፣ ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ፊቱ፣ በክፍሉ በኩል ያለው፣ ከረጠበ ግን ችግሩ የቤቱ አየር ነው። ያኔ ከታች «ከቡፌው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ» ወደሚለው ዝለሉ።

ከግድግዳው ውስጥ ከሆነ ቤት ውስጥ ምንም አትንኩ። ወደ ውጭ ውጡ። እኔ ስወጣ ያየሁት ይህን ነው። የጓሮው አፈር ከዓመት ዓመት ተከምሮ ከሳሎኑ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ጣሪያው አሸንዳ የለውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬቱን ቦርቡሮ ጭቃውን ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። የቀለም ቀቢው ጥፋት ነው ብዬ ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ!

መፍትሄው አካፋ ነው። አፈሩን ከወለሉ በታች ቢያንስ አንድ ስንዝር እስኪሆን ቆርጣችሁ አውጡ። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉ፣ ቦይ ቅደዱለት። ለአሸንዳ ብር ካለ ይገጠም። ከሌለ ጠብታው የሚያርፍበት መስመር ላይ ጠጠር አፍስሱ፣ ቢያንስ መርጨቱን ያቆማል። እኔ በአንድ የቀን ሠራተኛና በጥቂት ማዳበሪያ ጠጠር ጨረስኩት። ከመጋረጃዬ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ከዚያ የተላጠውን ፍቃችሁ ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። በውሃ አትጠቡት፣ ጨው መልሶ ይገባል። ግድግዳው በጋውን ሙሉ ይድረቅ። አዎ፣ ወራት ነው። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ከቸኮላችሁ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

የታችኛውን ግማሽ «እንዳይቆሽሽ» ብሎ ዘይት ቀለም መቀባት አገሩን ሙሉ የያዘ ልማድ ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ አልመክርም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወይ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ወይ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ቦታ ላይ ኖራን የሚያህል የለም። ርካሽ ነው፣ ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል፣ ሻጋታም አይወደውም። በከረጢት የሚሸጠውን የዱቄት ኖራ በባልዲ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት እንደ ወተት እስኪቀጥን አማስሉና በሻሽ አጥልሉት። አንድ እፍኝ ጨው የሚጨምሩ አሉ፣ በእጅ ሲነኩት እንዳይለቅ ነው። በጨው የታመመ ግድግዳ ላይ ግን ይቅርባችሁ። ግድግዳውን በውሃ አርከፍክፉና በስሱ ቀቡት፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን። ሲቀባ ውሃ መስሎ ያሳስባል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ዓይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አድርጉ። ውሃ ሲነካው የሚፈላውን የድንጋይ ኖራ ለባለሙያ ተዉት።

ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ሲመቱት ባዶ ይጮኻል

በሳንቲም ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጉት። እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኽበት ቦታ ካለ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል።

የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን የሚመጣ ነው። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። በአንድ ክረምት ይለያያሉ። ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን ለፎቶ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም።

የተላቀቀውን አንሱት፣ ያልተላቀቀውን ተዉት። ክፍተቱን በቦካ ጭቃና በጤፍ ጭድ ምረጉት። ጭቃው ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑ ይረገጥ። መጀመሪያ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ሞክሩ። ደርቆ ከተሰነጠቀ ሸክላነቱ በዝቷል ማለት ነው፣ አሸዋና ጭድ ጨምሩበት። ሰፊ ቦታ በሲሚንቶ ይሁን ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የሽቦ መረብ ማገሩ ላይ በሚስማር ይመታ። ግንበኛው «አያስፈልግም» ቢላችሁ አትስሙት።

ሳይዘንብ ኮርኒሱ ይረጥባል

ይሄ ብዙ ሰው ያሳብዳል። ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሌሊት ውርጭ ጥሏል። ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ሲመታው ኮርኒሱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቱ ቆርቆሮ ይቀይራል። በዓመቱ ያው ነው።

ቆርቆሮው አልተቀደደም፣ አልቦታል። ከወጡ፣ ከሻይ ጀበናው፣ ከትንፋሻችን የሚወጣው ሞቃት እርጥብ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። በረዶ የመሰለውን ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ሌሊት ይረጋል፣ ጠዋት ይቀልጣል። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል ነው። የቆርቆሮ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው በክረምት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ይተዋል። ጤዛ የሚያንጠባጥበው በውርጭ ወቅት ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት።

ጤዛ ከሆነ የኮርኒሱን ቀዳዳዎች ድፈኑ፣ በተለይ የአምፖሉን ገመድ መውጫና የግድግዳውን ዳር ዳር። ከዚያ በጣሪያውና በኮርኒሱ መሀል ያለው አየር እንዲንቀሳቀስ ከጣሪያው ክፈፍ ስር በሁለት ተቃራኒ በኩል ክፍተት ተዉ፣ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ሙቀት ይይዛል ብለው ኮርኒሱ ላይ ጭድ የሚያፈሱ አሉ። የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ጭድ? እኔ አላደርገውም።

ቀዳዳ ከሆነ ቀን ላይ ኮርኒሱን ከፍታችሁ ወደ ላይ እዩ። ብርሃን እንደ መርፌ ጫፍ ይታያችኋል። ውሃ በሞራሌው ላይ ስለሚሄድ ቀዳዳው ከእድፉ ትክክል በላይ ላይሆን ይችላል፣ ሽቅብ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጎማው ያረጀ ሚስማር ነው። ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር ምቱበት፣ ትንንሹን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑ። ጣሪያ ላይ ስትወጡ የሚስማሩን መስመር እየረገጣችሁ ሂዱ።

ከቡፌው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ

ቡፌና ሶፋ ከውጭ ግድግዳ ጋር ሲጣበቁ አየር አያልፍም፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል። ቤት ውስጥ ልብስ የምታደርቁ ከሆነ ይብሳል። ቡፌውን አንድ ጋት ከግድግዳው አርቁት። ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና አጥቡት፣ መስኮት ከፍታችሁ። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከዚያ በየቀኑ ረፋድ ላይ አሥር ደቂቃ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት። ብርድ ነው፣ አውቃለሁ።

ሳሎኑ አይሞቅም

ሻማ ለኩሳችሁ በመስኮቱና በበሩ ዳር ዳር ቀስ እያላችሁ ውሰዱት፣ ከመጋረጃው ራቅ አድርጋችሁ። ነበልባሉ የሚጋደምበት ቦታ ብርዱ የሚገባበት ነው። በስፖንጅ ክርና በጨርቅ ድፈኑት። በበሩ ስር አሸዋ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

መጋረጃን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው ስስና የሚያብረቀርቅ ይገዛል። እኔ ከከተማችን ብርድ ልብስ ርካሹን ገዝቼ ከድሮው መጋረጃ ጀርባ እንደ ገበር አሰፋሁት። ማታ ሲዘጋ ልዩነቱ ፊት ላይ ይታወቃል። ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም ስንዝር ይለፍ፣ ቀን ሲከፈት ብርሃን እንዳይጋርድ።

ወለሉ ሊሾ ከሆነ እግር የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ስጋጃ እያለን ከሩቅ የመጣ የፕላስቲክ ምንጣፍ ለምን እንደምናነጥፍ አይገባኝም። የፕላስቲኩ ስር እርጥበት አፍኖ ይሸታል። ስጋጃ ውድ ከሆነባችሁ የቤተሰብ ባና ካለ ሶፋው ላይ ጣሉት፣ ጌጥም ሙቀትም ነው። ብል እንዳይበላው በወር አንዴ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ግን፣ ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈናችሁ በኋላ የከሰል ማንደጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ ጭስም የለውም። ድሮ በቀዳዳው ይወጣ የነበረው አሁን መውጫ የለውም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ።

ጠባብና ጨለማ ይመስላል

ብዙ ጊዜ ሳሎኑ ሳይሆን ሶፋው ነው ትልቁ። ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን በገመድ ወለሉ ላይ አስቀምጡና በዙሪያው ተመላለሱ። 80 ሳንቲሜትር ያህል መተላለፊያ ካልተረፈ ይቅርባችሁ። የጎደጎደ ሶፋ ደግሞ ስፖንጁን ማስቀየር እንጂ መጣል የለበትም። ኮርኒሱን ነጭ ቀቡ፣ መስታወቱን ከመስኮቱ ትይዩ ስቀሉ። አለቀ።

ለሸዋሮቢትና ለአካባቢው

ቆላ ለሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ችግራችሁ ሙቀትና ምስጥ ነው። ጣሪያውን ከውጭ ነጭ መቀባት ሙቀቱን ይቀንሳል። ግድግዳው ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ምስጥ ነው። አፍርሱትና ተከታተሉት፣ እንጨቱን በቢላ ውጉት። ቢላው ዝም ብሎ ከገባ ቋሚው ይቀየራል፣ ቀለም አይሸፍነውም።

አሁን ቀለም

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ስሌቱ እንዲህ ነው። 4 በ4 የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ሳሎን በርና መስኮት ሲቀነስ 37 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 74 ነው። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም 8 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ብላችሁ ብትይዙ 9 ወይም 10 ሊትር ይበቃችኋል። ሻካራ ግድግዳ ከዚህ በላይ ይጠጣል።

የውሃ ቀለም ከ5 ዲግሪ በታች በደንብ አይይዝም። ስለዚህ በውርጭ ወቅት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ብቻ ቀቡ፣ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። የተረፈውን ቀለም ክዳኑ በሚጠብቅ የማር ዕቃ ገልብጡና የቀለሙን ቁጥር ላዩ ላይ ጽፋችሁ ውርጭ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ኳስ የሚመቱበት ቀን ይመጣል።