አቅምን ያገናዘበ መኖሪያ ቤት የሚነድፉ ተማሪዎች ከምን ይማሩ? እንዴትስ ይማሩ?

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቤት መንደፍን የሚማር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ባዶ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፍቶ የመሬትን፣ የመሠረተ ልማትን፣ የግንባታን፣ የባለሙያንና የወለድን ወጪ በየረድፉ ቢያሰፍር፣ በግርጌውም የቤተሰቡን ወርሃዊ ክፍያ ቢያስቀምጥ ይመረጣል። ከዚያ አንዱን ቁጥር ብቻ እየለወጠ ውጤቱን ይመልከት። ግንባታው የጠቅላላ ወጪው ግማሽ በሆነበት ፕሮጀክት የግንባታውን ዋጋ 10 በመቶ መቀነስ ከጠቅላላው የሚያድነው 5 በመቶ ነው፤ በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር ወለድ ከ6 ወደ 10 በመቶ ሲያድግ ግን ወርሃዊ ክፍያው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። ይህን በገዛ እጁ ያሰላ ተማሪ ቁጠባን ከግድግዳ ውፍረት ብቻ አይፈልግም።

ቀጥሎ የተሠሩ ፕሮጀክቶችን ከነስዕላቸው ማጥናት ያስፈልጋል። በአሌሃንድሮ አራቬና የሚመራው ኤለመንታል የተባለው የቺሊ የሥነ ሕንፃ ቢሮ በ2016 የአራት ፕሮጀክቶቹን ንድፍ በነፃ ለቋል። ከእነዚህ አንዱ በ2004 በኢኪኬ ከተማ የተጠናቀቀው ኪንታ ሞንሮይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተመደበው 7,500 ዶላር ገደማ መሬቱንም ጨምሮ ስለነበር፣ ንድፍ አውጪዎቹ ቤተሰቡ ብቻውን ሊሠራው የሚከብደውን መዋቅር፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሠርተው ቀሪውን ለነዋሪው ተዉለት። ስዕሉን አይቶ ማለፍ ግን ብዙ አያስተምርም። ተማሪው ባዶውን ቦታ ነዋሪው እንደሚሞላው አድርጎ ራሱ ይሣለው፤ የተጨመረው ክፍል ብርሃን ከየት እንደሚያገኝ፣ የነባሩ ክፍል መስኮት እንዳይዘጋ ምን እንደሚደረግ፣ የጣሪያው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ይመርምር።

በህንድ ኢንዶር ከተማ ባልክሪሽና ዶሺ የነደፈው አራንያ የተባለው የመኖሪያ መንደር በ1995 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ አርክኔት በተባለው ነፃ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገኛል። እኔ በበኩሌ ከቤቶቹ መልክ ይልቅ የቦታ ክፍፍሉን ቀድሞ ማጥናት ይበጃል እላለሁ፤ ሰፋፊዎቹ ቦታዎች በተሻለ ዋጋ ተሸጠው የድኾቹን ቦታዎች የደጎሙበት አሠራር ከጎዳናዎቹ አቀማመጥ ጋር የተሳሰረ ነውና።

ከመሣሪያዎች መካከል የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስና የኢንተርኔት ካርታው ኦፕንስትሪትማፕ የግንባታው ቦታ ከሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከትራንስፖርት ያለውን ርቀት ለመለካት በነፃ ያገለግላሉ። ኤጅ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ የኃይልና የውኃ ፍጆታን ለመገመት ይረዳል።

ቤቱ በተመረቀበት ቀን የተነሡ ፎቶዎች ቤቱ እንዴት እንደሚኖርበት ስለማያሳዩ፣ ተማሪው ከዓመታት በኋላ የተደረጉ የነዋሪዎች ጥናቶችን ይፈልግ፤ ቢቻል ደግሞ ሰው የሚኖርበትን ቤት በፈቃድ ገብቶ ይለካ። የትኛው ግድግዳ እንደፈረሰ፣ ምን እንደተጨመረና በምን ገንዘብ እንደተሠራ ይጠይቅ። የለካውንም ፕላን ቅጂ ለነዋሪው ይስጥ፤ ቤተሰቡ ለሚቀጥለው ማስፋፊያ ሊጠቀምበት ይችላል።