ቶንሲል ሲመላለስባችሁ ኩላሊታችሁን እንዴት ትከታተላላችሁ

አዳማ ላይ ሽንቴ ጠቆረ ብትሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጣ።» እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቶንሲሌ አብጦ ምራቅ መዋጥ ባቃተኝ በማግስቱ ሽንቴ ጠላ መሰለ። ውሃ በላይ በላዩ ጠጣሁ፤ በሦስተኛው ቀን ጠራ፤ ረሳሁት። ከወራት በኋላ ቶንሲሉም ጠላውም አብረው ተመለሱ።

ጉሮሯችሁ መታመም የጀመረበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ሽንታችሁን ጠዋት፣ በብርሃን፣ በነጭ ዕቃ እዩት። ውሃ የጠማው ሰው ሽንት ደማቅ ቢጫ ነው። ደም ያለበት ግን ጠላ፣ ኮካ ወይም ሥጋ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ማታ ቀይ ሥር በልታችሁ ከሆነ ግን አትደንግጡ።

ከጠቆረ ቀን ቁጠሩ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ጉሮሮው ባመመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከጠቆረ፣ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት አይጂኤ ኔፍሮፓቲ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፓሪስ ላይ ዣን በርገርና ኒኮል ኢንግሌ የገለጹት በሽታ ነው። ቶንሲል ውስጥ ያሉ የመከላከያ ህዋሳት ጀርም ሲመጣባቸው አይጂኤ የተባለ አንቲቦዲ (ጀርምን የሚዋጋ ፕሮቲን) ያመርታሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ አይጂኤ ጋላክቶስ የሚባል ስኳር ጎድሎት ይወጣል። ሰውነት ባዕድ ይመስለውና ሌላ አንቲቦዲ ይለጥፍበታል። ሁለቱ ተጣብቀው በደም ይሄዱና ኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይከማቻሉ። ማጣሪያው ይቆጣል፤ ደምና ፕሮቲን ያሾልካል። ጉድለት ያለበት አይጂኤ ከቶንሲል ብቻ አይመጣም፤ አንጀትም ይጠረጠራል።

ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጉሮሮው ድኗል ከተባለ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የቀሰቀሰው የመከላከያ ምላሽ ኩላሊትን ሲያስቆጣ ነው። በብዛት ልጆችን ይይዛል፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። ልጁ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ከተነሳ ወይም ሽንቱ ካነሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ላብራቶሪ ሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን ሽንት ከቤት በሃይላንድ ቀድቼ፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሌላ ጉዳይ ስጨርስ፣ በዚያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ይዤው ዞርኩ። ባለሙያዋ ሽታው ሲደርሳት «ይሄንን ድፋውና እንደገና ስጠኝ» አለችኝ። የቆየ ሽንት ውስጥ ደሙ ይፈራርሳል፤ ውጤቱም ያሳስታል። በንጹህ ዕቃ ያዙ፣ ቶሎ አድርሱ። ከሽንቱ ጋር ክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የደም ግፊት ይታይላችሁ። ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ መጥፎ አይደለም፤ ግን ደምና ፕሮቲን መኖሩን እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም። አይጂኤ ኔፍሮፓቲ መሆኑ የሚረጋገጠው በባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊት ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ለጉሮሮ ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝታችሁ አትዋጡ። እኔ ውጬ ነበር። የተጎዳ ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳል። ሐኪም አሞክሳሲሊን ካዘዘላችሁም ሲሻላችሁ አታቋርጡ።

አክስቴ «እንጥልህ ወርዶ ነው፣ ተቆረጥ» ብላኝ ነበር። እንጥል ቶንሲል አይደለም፤ መቁረጡም ደም ከማፍሰስና ኢንፌክሽን ከማምጣት በቀር ለኩላሊት የሚጨምረው የለም። ቶንሲልን ሆስፒታል ውስጥ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ጃፓን ውስጥ ለአይጂኤ ኔፍሮፓቲ ከስቴሮይድ (ቁጣውን ከሚያበርድ መድኃኒት) ጋር ይሠራበታል፤ ሌላ አገር ግን ጥቅሙ እስካሁን ያከራክራል። ለኩላሊት ሐኪም የሚተው ነው።

ሽንቱ ሲጠራ ምርመራውን ድገሙት። ዓይን የማያየው ደምና ፕሮቲን ከጠራም በኋላ ሊቀር ይችላል። የእኔም የተገኘው ሽንቴ እንደ ውሃ በጠራበት ቀን ነው።