ወደ ቴክሳስ ከመዛወር በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከሚኒሶታ ወይም ከሲያትል ተነሥተው ኑሯቸውን ወደ ዳላስና ወደ ሂዩስተን አካባቢ የሚያዛውሩ ኢትዮጵያውያን ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል ሁለቱ ጎልተው ይሰማሉ፤ አንደኛው የቤት ዋጋ በአንጻራዊነት ዝቅ ማለቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግዛቱ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለመቁረጡ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ በሌላ ግዛት መንግሥት ወይም አንድ የሕዝብ ተቋም ወስኖ የሚያቀርበውን ብዙ ነገር፣ በቴክሳስ ነዋሪው ራሱ መርጦ፣ ተዋውሎና አመልክቶ እንዲያገኘው ተትቷል። ያላመለከተ ይቀርበታል፤ ውሉን ያላነበበ ይከፍላል። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማወቅ ነው።

«ግብር የለም» ብሎ ቤት መግዛት

በ2019 የተጨመረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግዛቱ በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር እንዳይጥል ይከለክላል። የፌዴራል ግብር፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሾች ግን እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ይቆረጣሉ፤ በሚገዛ ዕቃ ላይ የሚታሰበው የሽያጭ ግብርም በብዙ ከተሞች 8.25 በመቶ ይደርሳል። ከሁሉም የሚከብደው በቤት ላይ የሚጣለው የንብረት ግብር ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ካውንቲው፣ ከተማው፣ የማኅበረሰብ ኮሌጁና የሕዝብ ሆስፒታሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምጣኔ ስለሚጥሉ፣ ድምሩ በብዙ ሰፈሮች ወደ 2 በመቶ ይጠጋል ወይም ያልፋል። ቅናሽ ሳይታሰብ፣ 350,000 ዶላር በተገመተ ቤት ላይ 2 በመቶ ማለት በዓመት 7,000 ዶላር፣ በወር 580 ዶላር ያህል ነው። ይህም ከባንክ ዕዳው ጋር ተደምሮ በየወሩ የሚከፈል ነው። በከተማ ዳርቻ በተሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች፣ በተለይም በሂዩስተን ዙሪያ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት የተበደሩ የአገልግሎት ዲስትሪክቶች፣ በተለምዶ «መድ» የሚባሉት፣ ተጨማሪ ግብር ይጥላሉ። የቤቱ ዋጋ ዝቅ ያለ መስሎ ሲታይ ይህን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

አዲስ የተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ግብሩ የሚታሰበው ንብረቱ ጥር 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር በነበረበት ይዞታ ስለሆነ፣ በዚያን ዕለት ቤቱ ገና ካልተሠራ የዚያ ዓመት ግብር የሚመጣው በባዶ መሬቱ ላይ ነው። ባንኩም ያንን ትንሽ ግብር መነሻ አድርጎ ወርኃዊ ክፍያውን ሊያሰላ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ሙሉው ግብር ሲመጣ፣ በኤስክሮ፣ ማለትም ባንኩ ለግብርና ለኢንሹራንስ ከወርኃዊ ክፍያው ላይ በሚያጠራቅምበት ሂሳብ፣ የተቀመጠው ገንዘብ ስለማይበቃ ያለፈው ጉድለትና የወደፊቱ ጭማሪ በአንድነት በወርኃዊ ክፍያው ላይ ይወድቃሉ። በዚህ ምክንያት ወርኃዊ ክፍያቸው በመቶዎች ዶላር ያደገባቸው ሰዎች ባንኩ ያጭበረበራቸው ይመስላቸዋል። ከመፈረም በፊት አበዳሪውን «ስሌቱ በመሬቱ ነው ወይስ በተሠራው ቤት?» ብሎ መጠየቅ ይህን ድንጋጤ ያስቀራል።

ለሚኖሩበት ቤት የሚሰጠው «ሆምስቴድ» የተባለው ቅናሽም ካላመለከቱ አይገኝም። ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው ግብር ስሌት ላይ ከቤቱ ግምት 140,000 ዶላር ይቀንሳል፤ የግምቱንም ዓመታዊ ዕድገት በ10 በመቶ ይገድባል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለካውንቲው የግምት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ምንም ክፍያ የለውም። በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ከቤቱ አድራሻ ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ አስቀድሞ መንጃ ፈቃዱን ማስተካከል ይበጃል። ቤት ከተገዛ በኋላ መንግሥታዊ የሚመስል ደብዳቤ ልከው «በክፍያ እናስመዘግብልዎታለን» የሚሉ ድርጅቶችን መክፈል አያስፈልግም።

የኤሌክትሪክ ውልን በአንድ ዋጋ ብቻ መምረጥ

በአብዛኛው የዳላስና የሂዩስተን አካባቢ ከ2002 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ለውድድር ክፍት ነው። ምሰሶውንና ሽቦውን በዳላስ በኩል ኦንኮር፣ በሂዩስተን ሴንተርፖይንት ያስተዳድራሉ፤ ለነዋሪው የሚሸጡት ግን በርካታ ኩባንያዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ ቤቱ ከመግባት በፊት ሻጭ መርጦ መዋዋል የተከራዩ ኃላፊነት ነው። ኦስተን፣ ሳን አንቶኒዮ፣ እንዲሁም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ጋርላንድ የራሳቸው የማዘጋጃ ቤት ኤሌክትሪክ ስላላቸው በእነርሱ ዘንድ ይህ ምርጫ በአብዛኛው የለም።

ስህተቱ የሚፈጸመው ዋጋ ሲነጻጸር ነው። የግዛቱ የአገልግሎት ኮሚሽን የሚያስተዳድረው «ፓወር ቱ ቹዝ» የተባለው ነጻ የማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ውሎቹን በ1,000 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ሲደረድራቸው፣ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ልክ 1,000 ሲሞላ ብቻ ትልቅ ተመላሽ የሚሰጡ ውሎች ናቸው። በሚያዝያ 950 የተጠቀመ ሰው ተመላሹን ያጣል፤ በነሐሴ ሙቀት 2,000 የተጠቀመም አማካይ ዋጋው ከማስታወቂያው በላይ ይሆንበታል። ኩባንያዎች በሕግ ግዴታ የሚያቀርቡት የመረጃ ሰነድ ዋጋውን በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኪሎዋት ሰዓት ለይቶ ያሳያል። ሦስቱ ዋጋዎች በጣም የተራራቁበትን ውል መተውና ዋጋው ለዓመት የማይለወጠውን መምረጥ ለአብዛኛው ቤተሰብ የተሻለ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሌላ ካልተፈረመ በየወሩ ወደሚለዋወጥ፣ ብዙውን ጊዜም ውድ ወደሆነ ዋጋ ይገባል። ውሉ ሊያበቃ 14 ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ያለ ቅጣት ኩባንያ መቀየር ይቻላል። ሻጩ የአገር ልጅ መሆኑ የውሉን ቃል አይለውጠውምና ሰነዱን ራስ ማንበብ ይገባል።

ከዚሁ ጋር የክረምቱ ብርድ መታሰብ አለበት። ቴክሳስ ሙቅ ነው ተብሎ ጃኬቱም ብርድ ልብሱም ተሽጦ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በየካቲት 2021 በደረሰው ብርቱ ቅዝቃዜ የኃይል ማመንጫዎችና የጋዝ መስመሮች ስለቆሙ ሚሊዮኖች ለቀናት በጨለማ ቆይተዋል፤ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤትም 246 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ከሞቱት መካከል በቤት ውስጥ ከሰል በማንደድ ወይም በጋራዥ ውስጥ መኪና በማስነሣት ለመሞቅ ሲሞክሩ በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የታፈኑ ነበሩ፤ የአገራችን ልጆችም አሉበት። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። ለቡና ከሰል ማያያዝ በለመደ ቤት ውስጥ ይህን ደጋግሞ መናገር፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ገዝቶ መስቀል ከማንኛውም ምክር ይቀድማል።

የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍንም ይሸፍናል ብሎ ማሰብ

መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት አይከፍልም። በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ፣ ውኃ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ በካርታው ላይ የጎርፍ ስጋት ቀጠና ተብለው ያልተመለከቱ ስለነበሩ፣ ባንክ ያላስገደዳቸው ባለቤቶች የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። በፌዴራሉ መርሐ ግብር የሚገዛው የጎርፍ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው፤ የማዕበል ዜና ከተሰማ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል።

በዳላስ በኩል የሚፈራው በጸደይ የሚወርደው በረዶ ነው። ጣሪያ በንፋስ ወይም በበረዶ ሲጎዳ ባለቤቱ አስቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው መጠን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይጻፋል። ቤቱ 350,000 ዶላር ኢንሹራንስ ተገብቶለት 2 በመቶ ከተባለ፣ ኩባንያው አንድ ዶላር ከመክፈሉ በፊት 7,000 ዶላር ከባለቤቱ ይወጣል። ወርኃዊ ክፍያው ርካሽ የሆነውን ኢንሹራንስ ሲያዩ ይህን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል።

የመኪናን ጉዳይ ለኋላ ማሳደር

አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ መንጃ ፈቃዱንም በ90 ቀን ውስጥ መቀየር አለበት። የመንጃ ፈቃድ ቀጠሮ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ዕቃ ሳይፈታ ቀጠሮ መያዝ ነው። መደበኛው የደኅንነት ምርመራ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለግል መኪኖች ቢቀርም፣ ዳላስን፣ ታራንትንና ሃሪስን በመሳሰሉት ካውንቲዎች የጭስ ምርመራው አልቀረም። በሕግ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ኢንሹራንስ በአንድ ተጎጂ 30,000፣ በአንድ አደጋ ላይ ለተጎጂዎች በጠቅላላ 60,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 ዶላር ሲሆን፣ የሚከፍለው ለሌላው ሰው እንጂ ለራስ መኪና አይደለም፤ በረዶ የቀጠቀጠውን ወይም ጎርፍ የወሰደውን መኪና አይተካም። የክፍያ መንገዶችም በየአቅጣጫው ናቸው። በዳላስ አካባቢ ቶልታግ፣ በሂዩስተን ኢዚ ታግ የተባለውን መለያ አስቀድሞ ማውጣት፣ ካሜራ በሰሌዳ አንሥቶ ከሚልከው ውድ ሂሳብ ያድናል፤ ያልተከፈለ ሂሳብ ሲከማች የመኪና ምዝገባ ዕድሳትን እስከማስከልከል ይደርሳል።

የነበሩበት ግዛት ጥቅም አብሮ ይመጣል ብሎ መጠበቅ

ይህ ወላጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡና ሥራ ለሚቀይሩ ሁሉ ከባዱ ነው። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ በግዛት የሚተዳደር ስለሆነ ከሜሪላንድ ወይም ከሚኒሶታ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ በአዲስ ማመልከት ያስፈልጋል። ቴክሳስ ደግሞ ሜዲኬይድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ካላሰፉት ግዛቶች አንዱ ነው። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች የተሻለ ዕድል አላቸው፤ አካል ጉዳት የሌለበትና ልጅ የማያሳድግ አዋቂ ግን ምንም ያህል ድሃ ቢሆን በአብዛኛው አያገኝም፤ ወላጅም ቢሆን ገቢው በወር ከጥቂት መቶ ዶላር በላይ ከሆነ ይከለከላል። አስቀድሞ ኢንሹራንስ የነበረው ሰው ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በፌዴራሉ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ አዲስ መግዛት ይችላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤተሰብ ይህ ጉዳይ ሳይቋጭ ቤቱን መልቀቅ የለበትም ባይ ነኝ፤ የኪራይ ርካሽነት ይህን አይመልስም።

በሥራም በኩል ዝቅተኛው ክፍያ የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙዎች የማያውቁት፣ በቴክሳስ የግል ቀጣሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውን የሠራተኛ ኢንሹራንስ ላለመግባት መምረጥ መቻሉን ነው። ቀጣሪው ይኑረው አይኑረው ለሠራተኛው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበትና፣ መጋዘን፣ ጭነት ወይም ሕሙማን ማንሳት ባለበት ሥራ የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ።

ትምህርት ቤትን በከተማ ስም መገመት

የትምህርት ዲስትሪክት ድንበር ከከተማው ድንበር ጋር አይገጥምም። በዳላስ ከተማ ውስጥ እየኖረ ልጁን የሪቻርድሰን ዲስትሪክት የሚያስተምርለት ሰው አለ። የኪራይ ውል ከመፈረም በፊት አድራሻውን በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ማጣራት ይበቃል። ኮሌጅ የሚደርስ ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ የነዋሪነት የትምህርት ክፍያ የሚፈቀደው በአብዛኛው በግዛቱ 12 ወር ከኖሩ በኋላ መሆኑን ቀድሞ ያስላ።

የዜግነት ጥያቄ ያለበትን ቅጽ በችኮላ መሙላት

መንጃ ፈቃድ ሲወጣ «ለመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ መልሱ «አልፈልግም» መሆን አለበት። ሰልፉ ረዝሞ፣ ቋንቋው ከብዶ «አዎ» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት በኋላ የዜግነት ማመልከቻን ሊያስጥል፣ አልፎም ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ዜጋ የሆነ ሰው በተቃራኒው ከምርጫው ቀን 30 ቀን ቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ በዕለቱ መመዝገብ ከሚቻልባቸው ከሚኒሶታና ከሜሪላንድ ለሚመጣ ሰው ይህ አዲስ ነው። ዜግነት የሌለው ሰው በተዛወረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በነጻ ማስታወቅ ይኖርበታል። አድራሻን ለፖስታ ቤት ማስቀየር ይህንን አይተካም፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ሰው ደግሞ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ በተለየ ቅጽ ያስታውቃል፤ ጊዜውም በ5 የሥራ ቀናት የተገደበ ነው።