ልጆችና የድብድብ ፊልም፦ እኛ ትልልቆቹ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። የሰባት ዓመት ልጇ የሶፋውን ትራስ በእርግጫ ይላል። ከዚያ ታናሹን አንገቱን ያዘና «ማን ነው የላከህ? ተናገር!» አለው። ድምፁ ቁርጥ የትርጉም ፊልም ተራኪውን። ትንሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። እኛም ስቀን ነበር።

አንደኛው ስህተት ይኸው ሳቃችን ነው። ልጅ የተሳቀለትን ነገር ይደግማል።

ሌላው ስህተት፦ «ምን ችግር አለው፣ የሚደበድበው እኮ አክተሩ ነው» ማለት። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ደሙን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አክተሩ ነው። ሳይኮሎጂስቱ አልበርት ባንዱራ በፈረንጆቹ 1961 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 72 ሕፃናትን ይዞ ሙከራ አደረገ። አንዳንዶቹ፣ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ። በኋላ እነሱም አሻንጉሊቱን ሲያገኙ ብዙዎቹ እንደዚያው አደረጉ፤ ሰውየው የተናገረውን ሳይቀር ደገሙ። በ1965 በወጣው ሌላ ጥናቱ ደግሞ ደብዳቢው ሲቀጣ በፊልም ያዩት ልጆች ብዙም አልኮረጁም። «ያየኸውን ካሳየኸኝ እሸልምሃለሁ» ሲባሉ ግን እነሱም አሳምረው ሠሩት። ትምህርቱ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

አሻንጉሊት መምታትና ሰው መምታት አንድ አይደለም ብለው የተቹት አሉ፤ እውነት አላቸው። ግን አክተሩን አስቡት። ሃያ ሰው ዘርሮ አይታሰርም። እጁን እንኳ አያመውም። በዚያ ላይ ይጨበጨብለታል። ልጁ ከሌባው ይልቅ እሱን መሆን ነው የሚፈልገው።

«ይህን ያየ ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል» ብሎ መደምደም። ይህም ልክ አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የድብድብ ፊልም ብዙ ተመልካች በሳበባቸው ምሽቶች የኃይል ወንጀል ቀንሶ አግኝቷል። አንዱ ምክንያት፣ ወጣቶቹ መጠጥ ቤት ሳይሆን ሲኒማ ቤት ማምሸታቸው ነው። ይህ ግን ስለዚያ ምሽት እንጂ ዓመታት ስለሚያመጡት ነገር አይነግረንም። ደግሞስ ቤቱ ውስጥ ዱላ የሚያይ ልጅ ፊልም መች አስፈለገው?

ቪዲዮ ቤቱን ብቻ መውቀስ። ድሮ ሳንቲም ለቅመን፣ ተጋፍተን ነበር የምንገባው። ዛሬ ፊልሙ እናቱ ስልክ ላይ አለ።

ነጥቆ አጥፍቶ ዝም ማለት። ይሄ የኔም ስህተት ነበር። ልጁ ከተከለከለው ፊልም የሚረዳው መከልከሉን ብቻ ነው፤ ጎረቤት ሄዶ ይጨርሰዋል። በዚያ ቅዳሜ ግን አጠገቤ አስቀመጥኩትና ጠየቅኩት፦ «ያ አክተሩ የመታው ሰውዬ እናት የለችውም?»

ትንሽ አሰበ።

«ፊልሙ ላይ አላሳዩዋትም» አለኝ።