ጎረቤት ሳያኮርፍ ማር መሸጥ

ለቤት ብላችሁ የያዛችሁት ቀፎ ማሩ ተርፎ ዘመድ አዝማድ «ለእኔም» ማለት ከጀመረ፣ ሳይታወቃችሁ ነጋዴ ሆናችኋል። እኔ ኮተቤ ነኝ፤ ቀፎዎቼ ጓሮ ናቸው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብልቃጥና ስለ ዋጋ ነው። እኔ ግን ከጎረቤት ጀምሩ እላለሁ። ከተማ ውስጥ ጎረቤት ከከፋው ንግዱ አበቃ።

የእኛ አገር ንብ ቁጡ ነች። የቀፎውን መግቢያ ከሰው መተላለፊያ አዙሩት። ፊት ለፊቱ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ተክል ካለ ንቧ ወዲያው ወደ ላይ ትነሳለች፣ መንገደኛ ላይ አትመጣም። ቀፎ የሚከፈተው አመሻሽ ላይ፣ ልጆች ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ለማጨሻ ደረቅ ኩበት ይበቃል።

ውሃም አስቡ። እናንተ ካላቀረባችሁ የሰው ቧንቧ ላይ ትሰፍራለች። ሰፋ ባለ ሳህን ጠጠር ደርድራችሁ ውሃ አድርጉበት፤ ጠጠሩ ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ አትሰጥምም።

ሌላው የልብስ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ንብ ቀፎዋ ውስጥ አትጸዳዳም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ እየበረረች ትጥላለች። ያን ቀን ጎረቤት ነጠላ አጥባ ካሰጣች ቢጫ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን ይዛ መጥታ «ልጄ፣ ንቦችሽ ቀለም ቀቡኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ከየምርቱ የመጀመሪያው ብልቃጥ የእሷ ነው። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ መዝገቤ ላይ ወጪ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወደ ማሩ ስንመጣ፣ ክረምት ላይ አበባ ስለሚጠፋ ስኳር በጥብጠን፣ በሶና ሽሮ ጨምረን እንቀልባለን። አደይ መፈንዳት ሲጀምር ስኳሩን አቁሙ። ካላቆማችሁ ከማሩ ጋር ይከማቻል፤ ያኔ ደንበኛ «ስኳር አለበት» ቢላችሁ ሐቁን ነው።

ዋናው ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ፍሬሙን፣ ማለትም ንቧ ማሯን የምትሠራበትን የእንጨት ማቀፊያ፣ አንስታችሁ እዩ፤ ሦስት አራተኛው በሰም ካልታሸገ መልሱት። ገልበጥ አድርጋችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት የሚንጠባጠብ ከሆነም ገና ነው። ያልደረሰ ማር ውሃ ይበዛበታል፣ ብልቃጥ ውስጥ አረፋ አውጥቶ ይኮመጥጣል። በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ በጥሩ ዓመት 15 እና 20 ኪሎ ይሰጣል። ሒሳባችሁን ግን ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ።

ስትሸጡ በሚዛን ሽጡ። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ሊትር የውሃ ላስቲክ ሞልቶ «ኪሎ ነው» የሚል ሰው ራሱን እየዘረፈ ነው።

ከዚያ የመርጋት ጭቅጭቅ ይመጣል። ብርድ ሲሆን ማር ይረጋል፣ ደንበኛም ይደውላል፦ «ይሄ ነገር ስኳር ነው እንዴ?» አትቆጡ፤ ከተማው ስንት ጊዜ ተታሏል። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ «ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ እሳት ላይ እንዳትጥጂው።» ብልቃጡ ላይም የተቆረጠበትን ወርና «ሊረጋ ይችላል» የሚል እጽፋለሁ። ይህን ካደረግኩ ወዲህ ስልኩ ቀንሷል።

ማር ሲያልቅ አልቋል በሉ። ከሾላ ገበያ ገዝቶ ጨምሮ በራስ ስም መሸጥ ያጓጓል፣ በተለይ ገናና የጥር ሠርግ ሲደርስ። ደንበኛ ግን የጓሮአችሁን ማር በጣዕሙ ያውቀዋል። ብዛት የሚፈልጉት ጠጅ ቤቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዋጋ ይሰብራሉ። ለጥቂት ቀፎ ከቤተሰብና ከመሥሪያ ቤት ጓደኛ ጋር መቆየት ይሻላል። ማስፋት ካማራችሁ ጓሮ ላይ አትደርድሩ፤ ሱሉልታ ወይም ሆለታ መሬት ያለው ዘመድ ፈልጉና የእኩል ተስማሙ።

ሌብል ከማሳተማችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ስለ ንግድ ፈቃድና ቲን ጠይቁ። ታትሞ ሲያበቃ አንድ መስመር ጎድሎታል ማለት ያናድዳል።

የማሩን እንጀራም አትጣሉ። ጨምቃችሁ ካበቃችሁ በኋላ በውሃ ቀቅሉት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ንጹሕ ሰም ጧፍ ሠሪዎች ይገዙታል፤ አይበላሽም፣ አያስቸኩልም። ሲጠራቀም ሸጣችሁ የብልቃጥ ወጪ ትሸፍኑበታላችሁ።