ለሥራ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ስትመርጡ ከበሩ ተለጣፊ ጀምሩ

አሜሪካ አዲስ ገብታችሁ በግንባታ፣ በግቢ ሥራ ወይም መኪናና ማሽን በማመላለስ ለመሰማራት ካሰባችሁ፣ ከመንጃ ፈቃድ ቀጥሎ የሚገጥማችሁ ትልቁ ወጪ ፒክአፑ ነው። ሻጭ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራላችሁ የመጎተት አቅሙን ነው፤ «ይሄ እስከ 20 ሺህ ፓውንድ ይስባል» ይላችኋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ሥራ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ግን የመሸከም አቅሙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ የሚገጥምበትን ምሰሶ ተመልከቱ። ቢጫ ያለበት የጎማ ተለጣፊ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ቁጥሩ የዚያው መኪና ብቻ ነው፤ አጠገቡ የቆመው ተመሳሳይ ሞዴል ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሌላው ተለጣፊ ላይ ጂቪደብልዩአር (GVWR) የሚል አለ፤ መኪናው ከነሰውና ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት ጣሪያ ማለት ነው። ጂቪደብልዩአራቸው ከ10,000 ፓውንድ በሚያልፍ መኪኖች ላይ ቢጫው ተለጣፊ ላይኖር ይችላል። ያኔ መኪናውን ባዶውን ሚዛን ላይ አውጡና ክብደቱን ከጂቪደብልዩአሩ ቀንሱ፤ የቀረው መሸከም የሚችለው ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። ባለ አራት በር፣ ናፍጣ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ባለ 250 ፎርድ ተለጣፊው 2,300 ፓውንድ ይላል እንበል። የምትጎትቱት አፈር የሚገለብጥ ተሳቢ ከነጭነቱ 14,000 ፓውንድ (6,350 ኪሎ ገደማ) ነው። ተራ የኳስ ማያያዣ ያለው ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ኳሷ ላይ ይጭናል። በ12 በመቶ ብናሰላው 1,680 ፓውንድ ነው። ሁለት ሠራተኛ 360፣ የመሣሪያ ሣጥን ከነዕቃው 300። ድምሩ 2,340 ሆነ። ፒክአፑ ከመጎተት አቅሙ ገና ብዙ ቀርቶት ሳለ ከተሸካሚነት ጣሪያው አልፏል። ጉዝኔክ የሚባለው፣ ፒክአፑ የጭነት ሣጥን ውስጥ ካለ ኳስ ጋር የሚታሰረው ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ከ20 እስከ 25 በመቶው የሚያርፈው ፒክአፑ ላይ ነው፤ ለእሱ ባለ 250 (ፎርድ) ወይም ባለ 2500 (ጂኤምና ራም) መኪና አትግዙ።

ኳሷ ላይ የሚያርፈውን ለመቀነስ ጭነቱን ወደ ተሳቢው ጭራ መግፋት አደገኛ ነው። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከጀመረ የፒክአፑን ፍሬን አትርገጡ፤ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የተሳቢ ፍሬን በእጅ ጭመቁ።

በ2500 እና በ3500 (በፎርድ 250 እና 350) መካከል ሞተሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ልዩነቱ ከኋላ ያለው ባሌስትራና የተፈቀደው ክብደት ነው። የራም 2500 ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ አለው። ባዶውን ሲሄድ ይመቻል፤ ከባድ ተሳቢ ሲታሰርበት ግን ከኋላ ይወርዳል። 3500ው ባሌስትራ ነው። ከኋላ አራት ጎማ ያለው ደግሞ ለጉዝኔክና ነፋስ ለሚበዛበት አውራ ጎዳና ጥሩ ነው፤ ለከተማ ሥራና ለጠባብ መኪና ማቆሚያ ያስቸግራል፣ ጎማ ሲቀየርም ስድስት ነው።

«እንግዲያው ትልቁን ልግዛ» ከማለታችሁ በፊት የመንጃ ፈቃዱን ሂሳብ ሥሩ። የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ፣ ለሥራ ለመንዳት ክላስ ኤ ሲዲኤል (የከባድ መኪና የሥራ መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል። ተለጣፊው 10,000 የሚል ኤፍ-250 ከ14,000 ተሳቢ ጋር 24,000 ነው፤ ሲዲኤል አይጠይቅም። ተለጣፊው 14,000 የሚል ኤፍ-350 ከዚያው ተሳቢ ጋር 28,000 ነው፤ ይጠይቃል። ተሳቢው ባዶ ቢሆንም የሚታየው የተፈቀደው ክብደት ስለሆነ «ዛሬ አልጫንኩም» ማለት አያድንም። ብዙ ሰው ከኋላ አንድ አንድ ጎማ ያለውን 3500 የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ተለጣፊው 12,000 የሚል ከሆነ 12,000 ሲደመር 14,000 ልክ 26,000 ላይ ይቆማል።

ድምሩ 10,001 ፓውንድ ከደረሰና ለሥራ ከስቴት ስቴት ከተሻገራችሁ ሲዲኤል ባያስፈልግም የዩኤስ ዶት (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርና የሐኪም ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ስቴቶች በውስጣቸው ለሚሠራም የራሳቸው ደንብ አላቸው። የሰው ዕቃ በክፍያ ከስቴት ስቴት የምታመላልሱ ከሆነ ደግሞ ኤምሲ የሚባለው የፌዴራል የማጓጓዝ ፈቃድና ቢያንስ የ750,000 ዶላር የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይጠየቃል። መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት የኢንሹራንሱን ዋጋ አስጠይቁ፤ ለአዲስ ፈቃድ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ሳምንት ውስጥ ጥቂት ቀን፣ ከ8,000 ፓውንድ በታች፣ በከተማ ዙሪያ የምትጎትቱ ከሆነ ቤንዚኑን ግዙ። የፎርድ 7.3፣ የጂኤም 6.6 እና የራም 6.4 ቤንዚን ሞተሮች ለዚህ በቂ ናቸው፣ ሲገዙም ርካሽ ናቸው። ሞተሩ ከናፍጣው ስለሚቀል የመሸከም ቁጥሩም ከፍ ይላል። በየቀኑ ከባድ ጭነት፣ ረጅም መንገድና ተራራ ካለ ግን ናፍጣ ነው። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ከ11,000 ጫማ በላይ በሆነው የኮሎራዶው አይዘንሃወር ዋሻ ዳገት ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የናፍጣው የጭስ ፍሬን ሸክሙን ይይዝላችኋል፤ እግር ፍሬኑ ሳይግል ትወርዳላችሁ።

ናፍጣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። የፎርዱ 6.7 በአንድ የዘይት ለውጥ 13 ኳርት ይወስዳል፣ የራሙ ካሚንስ 12፣ የጂኤሙ ዱራማክስ 10። ሰማያዊ ክዳን ባለው ጉሮሮ የሚሞላው ዴፍ የሚባለው ጭሱን የሚያጸዳ ፈሳሽ ነው፤ ናፍጣ ታንከር ውስጥ ከገባ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል። ማደያ ላይ የእጀታ ቀለም አያስተማምንም፣ ጽሑፉን አንብቡ። ተሳስታችሁ ከሞላችሁ ቁልፉን እንኳ ሳታዞሩ መኪናውን አስጎትቱ። ሥራ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚውል መኪና ደግሞ ዲፒኤፍ የሚባለው የጭስ ማጣሪያው ይደፈናል። የማጽዳት ምልክት ሲበራ ሞተሩን አታጥፉ፤ አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት።

ከሦስቱ አምራቾች፣ ከጂኤም፣ ከፎርድና ከራም መካከል የኛ ግምገማ ይህ ነው። የጂኤም ዱራማክስ ከ2017 ጀምሮ ያለው ሞተር በአገልግሎት ላይ ላለ መኪና የመጀመሪያ ምርጫችን ነው፤ የፊት እግሩም ለብቻ ለብቻ ስለሚሠራ ባዶውን ሲሄድ አያንገጫግጭም። የ2020 እስከ 2022 ናፍጣዎች የካምቢዮ ሪኮል (አምራቹ በነጻ እንዲያስተካክለው የተጠራ ጉድለት) ስላለባቸው ተሠርቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ከ2011 እስከ 2016 ያሉት ዱራማክሶችና ከ2011 ጀምሮ ያሉት የፎርድ 6.7 ሞተሮች ሲፒ4 የተባለው የናፍጣ ፖምፓ አላቸው። ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው፤ ውሃ ወይም ቤንዚን ሲገባበት ይፋጫል፣ የብረት ብናኙም እስከ ኢንጀክተሮቹ ይረጫል። ያኔ መስመሩ በሙሉ ይቀየራል፣ ሂሳቡም ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው መቀየርና ውሃ መለያውን ማፍሰስ እዚህ ላይ ቸል አይባልም። የራም ካሚንስ መስመር ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ጉልበቱ ያስደስታል። የቀድሞው ባለ ስድስት ማርሽ 68አርኤፍኢ ካምቢዮ ግን ለከባድ ሸክም ደካማ ነው፤ 3500 ላይ አይሲን ካምቢዮ ያለበት ይሻላል። ከ2025 ሞዴል በፊት ባሉት 6.7 ካሚንሶች ላይ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያሞቀው ክፍል ቡሎን ተቃጥሎ ሲሊንደር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ሳይገዛ መካኒክ አውጥቶ እንዲያየው አድርጉ።

ያገለገለ ስትገዙ ጣታችሁን ጭስ መውጫው ቱቦ ውስጥ አስገቡ። ዲፒኤፉ በቦታው ካለ ቱቦው ንጹህ ነው፤ ጥላሸት ከያዛችሁ ማጣሪያው ወጥቷል ወይም ተሰንጥቋል። ማጣሪያውን ማውጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የናፍጣ ጭስ ምርመራ ባለበት ስቴት ታርጋ ላይታደስላችሁ ይችላል። ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ከዳሽቦርዱ አንብቡና የማይሉን ቁጥር ለሰዓቱ አካፍሉት። በሰዓት ከ25 ማይል በታች ከመጣ መኪናው ብዙ ጊዜ ቆሞ ሠርቷል፣ የሞተሩ ድካም ከማይሉ በላይ ነው። በ60 ማይል የድልድይ መጋጠሚያ ላይ ስታልፉበት መሪው ካንቀጠቀጠ አትግዙት። ቪን የሚባለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር የኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA፣ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል ፈልጉ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ መኪና ነውና ተዉት።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ተሳቢውን ስታስሩ ኳሷ ላይ የተጻፈውን መጠንና ክብደት አንብቡ፤ ለ14,000 ተሳቢ 2 5/16 ኢንች ነው፣ 2 ኢንች ኳስ ገጥሞ የተዘጋ ቢመስልም ያመልጣል። ከዘጋችሁ በኋላ በተሳቢው ጃክ የተሳቢውን አፍንጫ ትንሽ ወደ ላይ አንሡ፤ የፒክአፑ ጀርባ አብሮ ከተነሳ ተይዟል። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፉ፣ የአደጋ ፍሬኑን ገመድ ለብቻው ከፒክአፑ ጋር እሰሩ፣ ፍሬቻና ስቶፕ መብራቱን ሰው አቁማችሁ እዩ። ጎማ ከተቀየረ 50 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን በቶርክ ኪያቬ ድጋሚ አጥብቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሙሉ ጭነት ይዛችሁ የከባድ መኪና ማደያ ውስጥ ካለ የካት ሚዛን ላይ ውጡ። የፊት አክሰል፣ የኋላ አክሰልና ተሳቢው ለየብቻ ተመዝነው ወረቀት ይሰጣችኋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ተሳቢውን ፈትታችሁ ፒክአፑን ብቻ ብታስመዝኑ ሁለተኛው በርካሽ ነው፤ የፒክአፑ የፊትና የኋላ አክሰል ድምር በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያለው ልዩነት ኳሷ ላይ ስንት እንዳረፈ በፓውንድ ያሳያችኋል።